አባ ምላጭና የሐሞት ቧንቧዋ ክር

ሹፌሩ ፖስታውን ደረቱ ላይ አቅፎ የላቦራቶሪው በር ላይ ሲደርስ ረፋድ ነበር። በፖስታው ውስጥ ከክብሪት ሳጥን ያነሰች ነጭ የሰም ብሎክ አለች፤ በሰሟ ውስጥ ደግሞ ከሚስቱ ጉበት በመርፌ የተወሰደች፣ ከስፌት ክር ብዙም የማትወፍር ሥጋ ተቀብራለች። ሚስቱ የተኛችበት ሆስፒታል "አንተው አድርስልን" ብሎ በእጁ ሰጥቶታል። የመዝገብ ክፍሏ ሴት ፖስታውን ተቀብላ ውጤቱ ሲደርስ እንደሚደወልለት ብትነግረውም አልሄድ አለ። አውቶብስ ሲነዳ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ተሳፋሪ መንገድ ላይ ጥሎ ሄዶ አያውቅም፤ ታዲያ አሁን ሚስቱን ጥሎ እንዴት ይሄዳል? ከኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠና ሁለት እጁን በጉልበቶቹ መሃል ቀበራቸው።

ብሎኳ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋ አባ ምላጭ ጠረጴዛ ላይ ደረሰች።

አባ ምላጭ የክፍሉ ቆራጭ ናቸው። እናትና አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን መታወቂያቸው ላይ ካልሆነ በቀር ማንም በዚያ ስም አይጠራቸውም። ሥራቸው በሰም የተቀበረ የሕመምተኛ ሥጋ በማሽን ምላጭ ላጥ ላጥ እያደረጉ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ አሳስተው መስታወት ላይ ማስቀመጥ ነው። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ አይቶ "ካንሰር ነው" ወይም "አይደለም" የሚለው እሳቸው የቆረጡትን ተመልክቶ ነው። አንድ ሚሊሜትር ሁለት መቶ ቦታ ቢከፈል አንዷ እጅ የአባ ምላጭን አንድ ቁራጭ ታህላለች። ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። እቤት ሽንኩርት ክተፍ ሲባል እንደ ግንድ ነው የሚፈልጠው፣ ይላሉ።

አባ ምላጭ ብሎኳን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሯት። ያኛው ሆስፒታል በሽታውን ለመለየት ደጋግሞ ቆርጧታል። ከክሯ የቀረው ጥልቀት ቢበዛ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ነው። የጂን ምርመራ ክፍሉን የምትመራው ወጣት ሐኪም፣ ሁሉም "የጂኗ ዶክተር" የሚሏት፣ አጠገባቸው ቆማ አየች።

"አባባ፣ ይህቺስ አትሆንም" አለች።

ያለችው እውነት ነበር። ለምርመራው አሥር ቁራጮች ያስፈልጓታል። በቁጥር ቢሰላ ክሯ ትበቃለች። ግን ብሎክ ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ ማሽን ሲዛወር በፊተኛው ማዕዘን አይቀመጥም፤ ስለዚህ ማንኛውም ቆራጭ መጀመሪያ የሚያደርገው የማሽኑን መንኮራኩር እያዞረ የብሎኳን ፊት መላግ ነው። ጠማማው እስኪቃና የሚላገው ደግሞ ወደ ቆሻሻ ነው የሚሄደው። በወፍራም ሥጋ ላይ ማንም ይህን ልብ አይልም። በዚህች ክር ላይ ግን ፊቷ ሲቃና ክሯም አብራ ታልቃለች።

ዶክተሯ "ናሙናው በቂ አይደለም" የሚለውን ደብዳቤ ለመጻፍ ዞር አለች። ያ ደብዳቤ ለሹፌሩ ሚስት ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ሴትዮዋን ጉበት ውስጥ ባለው የሐሞት ቧንቧ ላይ የበቀለ ካንሰር ይዟታል፤ ለቀዶ ሕክምና የሚመች ቦታ ላይ አይደለም፤ የተለመደው መድኃኒት ተሞክሮባት አልያዘላትም። ከእንዲህ ዓይነት ሕመምተኞች ጥቂቶቹ ላይ የታወቀ የጂን ለውጥ ይገኛል፤ ለዚያ ለውጥ ተብሎ የተሠራ እንክብልም አለ። ለውጡ መኖሩ ሳይረጋገጥ ግን እንክብሉ አይታዘዝም። ሌላ መርፌ እንዳትወጋ፣ ቧንቧው ተዘግቶ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል፣ ደሟም እንደ ልብ አይረጋም፤ ባለፈው ከተወጋች በኋላ ሁለት ቀን ደምታለች። እንግዲህ ያለቻት ይህቺው ክር ናት።

"ዶክተርዬ፣ ደብዳቤሽን አትጻፊ" አሉ አባ ምላጭ። "እስከ ምሳ ሰዓት ስጪኝ።"

"ብትጠፋስ?"

"ከጠፋችማ ኮሪደር ላይ ላለው ባሏ የምነግረው እኔ ነኝ።"

ዶክተሯ ብዕሯን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

ይህን እምነት አባ ምላጭ በነፃ አላገኙትም። ወደዚያ ቤት የገቡት በሃያ ስምንት ዓመታቸው፣ ወለል አጣቢ ሆነው ነው። የያኔው ዋና ቆራጭ አርጅተው እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ስለነበር ተተኪ ሲፈልጉ፣ የተማሩትን ሁሉ አልፈው ዓይናቸውን የጣሉት መስኮት በሚወለውለው በዚያ ወለል አጣቢ ላይ ነበር። ጨርቁ መስታወቱ ላይ አንዲት ጭረት እንኳ አይተውም። "ይህ እጅ መጥረጊያ ላይ ምን ያደርጋል" ብለው ማሽኑ ፊት አስቀመጡት። ፊደል ግን አያውቅም፤ በብሎኮቹ ላይ ያለውን ቁጥር የሚያነብለት ሌላ ሰው ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላው ሴት ልጁ አንደኛ ክፍል ገባች፤ አባትየውም አብሯት ገባ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተማረችውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ታስተምረዋለች። እሷ ሁለተኛ ክፍል ስታልፍ አባቷ ደገመ፤ የጎረቤት ሁሉ መሳቂያ ሆነ። እሱ ግን አላፈረም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል አልሰሙም እንዴ፣ እያለ መጽሐፉን ይገልጥ ነበር።

እንዲህ ሲሉ ሃምሳ ስድስት ዓመት ሞላቸው፤ ስማቸውም ገነነ፤ ከሌላ ከተማ ሳይቀር እጃቸውን ለማየት ይመጡ ጀመር። ያን ጊዜ ነው የጂን ምርመራ ክፍሉ ከጎናቸው የተከፈተው። መጀመሪያ ከላኩላቸው ናሙናዎች አንዱ የአንድ ሽማግሌ የሐሞት ቧንቧ ነበር። እንደ ወትሯቸው አሳምረው ቆረጡት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የጂኗ ዶክተር ወረቀት ይዛ መጣችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በዚያ ስላይድ፣ ቁራጩ ባረፈበት መስታወት ላይ፣ ሁለት ሰው እንዳለ ነገረቻቸው።

አባ ምላጭ ተቆጡ። በሃያ ስምንት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው እንደማያውቁ፣ ማሽኗን እንድትመረምር ነገሯት። ተመረመረ። ስሕተቱ የማሽኑ አልነበረም። ቁራጮች ከምላጩ ሲወጡ ስለሚጨማደዱ፣ ሳህን ላይ ባለ ሞቅ ያለ ውሃ ላይ ተንሳፍፈው ይዘረጋሉ፤ ከዚያ በመስታወት ይታፈሳሉ። ከሽማግሌው በፊት አባ ምላጭ የአንዲት ሴት አንጀት ቆርጠው ነበር። ውሃውን በወረቀት ጠርገዋል፤ ምላጭ ከያዙ ጀምሮ እንደጠረጉት። ከትቢያ የምታንስ የሴትዮዋ ቅንጣት ግን ቀርታ በሽማግሌው ቁራጭ ጠርዝ ላይ ተለጥፋለች። ማይክሮስኮፕ የሚያይ ሐኪም እንዲህ ያለችውን ቅንጣት ለይቶ ያልፋታል። የጂን ማሽን ግን ዓይን የለውም፤ ያለው አፍ ብቻ ነው፤ የሰጡትን ሁሉ አንድ ላይ ፈጭቶ ያነባል።

ዶክተሯ ምርመራውን በአዲስ ቁራጭ ደገመችው፤ በሽማግሌው ላይ ጉዳት አልደረሰም። አባ ምላጭ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ሰው አላናገሩም። ያመማቸው መሳሳታቸው አልነበረም። ያመማቸው፣ የሚቆርጡት ምን እንደሆነ ሳያውቁ ይህን ሁሉ ዓመት መቁረጣቸው ነው። በአራተኛው ቀን ደብተር ገዝተው መጡና በሻይ ሰዓት ዶክተሯ ፊት ተቀመጡ። በቀን አንዲት ጥያቄ ብቻ እንደሚጠይቁ፣ ከዚያ በላይ እንደማያስቸግሯት ነገሯት። የመጀመሪያው ጥያቄ "ያ ማሽን የሚያነበው ምንድን ነው?" የሚል ነበር።

መጀመሪያ ፈገግ አለች። በሁለተኛው ወር ሰለቿት። በስድስተኛው ወር ግን ጥያቄዎቹ ማታ መጽሐፍ አስገልጠው ስለሚያሳድሯት፣ ራሷ እየቀደመች "አባባ፣ የዛሬዋስ?" ማለት ጀመረች። ደብተሩ አልቆ ሌላ ተገዛ፤ ሌላም ተከተለ።

ወደዚያች ረፋድ እንመለስ። አባ ምላጭ ብሎኳን በረዶ ላይ ደፏት። ሰም ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ የጠነከረ ሰም ምላጭ ፊት አይወላገድም። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በዚያ ግማሽ ሰዓት ምላጩን በአዲስ ለወጡ፤ የውሃ ሳህኑን አጥበው፣ አድርቀው፣ ንጹሕ ውሃ ሞሉበት፤ ቀጭኗን ብሩሽም ጥለው አዲስ አወጡ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ወጥተው ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ።

ሹፌሩ ነጭ ጋውናቸውን አይቶ ሊነሳላቸው ሲል ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት። ገና እንዳልተቆረጠች፣ ክሯ ቀጭን ስለሆነች ሳትበቃ ልትቀር እንደምትችል፣ የሚችሉትን ሁሉ እንደሚያደርጉ አንድም ሳይደብቁ ነገሩት። ሰውየው ሌላ ነገር አነሳ።

"ጋሼ፣ እህቷ 'ሐሞቷን ያፈሰስከው አንተ ነህ' አለችኝ። እኔ ደግሞ ቁጡ ሰው ነኝ። መንገድ ላይ የዋጥኩትን ቤት ገብቼ ነው የምተፋው። እውነቷን ይሆን?"

አባ ምላጭ ሐኪም አለመሆናቸውን ነገሩት። ስለ ሚስቱ ሊነግረው የሚገባው የሚያክማት ሐኪም ነው። እንዲህ ያለው በሽታ በጠቅላላው እንዴት እንደሚወለድ ግን ያውቃሉ፤ ያንን ይነግሩታል። ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ እያስኬዱ ቧንቧውን ሣሉለት።

ሐሞት ጉበት የሚሠራው፣ ቅባት የሚበታትን ብርቱ ፈሳሽ ነው። የሚወርድበት ቧንቧ ከውስጥ በአንድ ረድፍ ሕዋሳት ተለብጧል፤ እሳቸው ያን ረድፍ በማይክሮስኮፕ ስንት ጊዜ አይተውታል፤ ጎን ለጎን እንደተነጠፈ ሸክላ ነው። ጤነኛ ሲሆን ሕዋሳቱ ሥራቸውን ይሠራሉ እንጂ ብዙም አይባዙም። ጠጠር፣ ጥገኛ ትል፣ የቧንቧ መጥበብ ወይም የቆየ የጉበት ሕመም ሲኖር ግን ግድግዳው ዓመት እስከ ዓመት ይቆስላል። ቁስሉን ለመከላከል የሚመጡ ሕዋሳት ጠላት ለመግደል የሚረጩት ኬሚካል የገዛ ወገናቸውን ዲኤንኤ ይጎዳል፣ ዲኤንኤውን የሚጠግነውንም ያዳክማል። በዚያው ላይ "ተባዙ፣ የሞተውን ተኩ" የሚል መልእክት ያለ ፋታ ይወርዳል። አንድ ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ስድስት ቢሊዮን የሚያህል የዲኤንኤ ፊደል መገልበጥ አለበት። ቆስሎ፣ ደክሞ፣ እየተጣደፈ የሚገለብጥ ጸሐፊ ምን ያደርጋል? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው።

ከስሕተቱ አብዛኛው ምንም አያመጣም። አንዳንዱ ግን ክፉ ቦታ ላይ ይወድቃል። በአንዱ ሰው ላይ ሕዋሱን "ተባዛ" የሚለው ማብሪያ በርቶ ይቀራል። በሌላው ላይ የተበላሸውን ሕዋስ "ቁም፣ ካልሆነም ሙት" የሚለው ዘበኛ ጂን ይሰበራል። በሌላው ደግሞ አንድ ኢንዛይም ባሕርዩን ለውጦ እንግዳ ኬሚካል ይሠራል፤ ያ ኬሚካል ሕዋሱ በስሎ ሥራ እንዳይዝ፣ እንዲሁ ሲባዛ እንዲኖር ያደርገዋል። አንዱ ስሕተት ብቻውን ብዙ ጊዜ ካንሰር አይሆንም። ስሕተት በስሕተት ላይ እየተደረበ፣ ረድፉ እየተዛባ፣ ንጣፉ እየተደራረበ፣ በመጨረሻ ግድግዳውን ጥሶ ይወጣል። ይህ ሁሉ ዓመታት ይፈጃል፤ ሰውየውም አይሰማውም። ለምን እገሌን ያዘው ሲባል ደግሞ ብዙ ጊዜ መልስ የለም።

"ዛሬ የምንፈልገው አንዱን ዓይነት ነው" አሉ። "ሁለት ጂኖች ይሰበሩና ስብርባሪያቸው እርስ በርሱ ይጣበቃል። የበር ደወል ታውቃለህ? ሰው ሲጫነው ነው የሚጮኸው። ይህኛው ግን ቁልፉ ተጣብቆ ማንም ሳይጫነው ይጮኻል። ሕዋሱ ሰው የመጣ እየመሰለው ይባዛል። እንክብሉ ያንን ቁልፍ ነው ዝም የሚያሰኘው።"

"ቁጣዬስ?"

"ቁጣህ ቤትህን በጥብጦ ይሆናል፤ ጂን ግን አይሰብርም። ይቅርታ ልትጠይቃት ከፈለግክ ስለ ቁጣህ ጠይቃት፤ ስለ በሽታው ግን ዕዳ የለብህም።"

ሹፌሩ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። አባ ምላጭ ሰዓታቸውን አይተው ተነሱ።

ክፍላቸው ሲገቡ ማራገቢያውን አጠፉ፤ በሩ እንዳይከፈት አዘዙ። የጂኗ ዶክተር ከውስጥ በኩል ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። አባ ምላጭ ብሎኳን ማሽኑ ላይ አሰሩና እጃቸውን ከመንኮራኩሩ አነሱ። እዚህ ላይ ነው ሌላው ቆራጭ መላግ የሚጀምረው። እሳቸው ከማሽኑ ጀርባ ትንሽ መብራት አቆሙና ብሎኳን ወደ ምላጩ አስጠጉ፤ ሳትነካ፣ ልትነካ ስትል ላይ አቆሟት። በምላጩና በብሎኳ ፊት መካከል ቀጭን የብርሃን መስመር ታየች። በስተግራ ሰፋ፣ በስተቀኝ ጠበብ ትላለች። ጠማማው ያ ነው። የብሎኳን ማዕዘን የሚያቃናውን ብሎን በፀጉር ያህል አዞሩ፤ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ደግሞ አዞሩ። መስመሯ ከዳር እስከ ዳር አንድ እስክትሆን አርባ አምስት ደቂቃ ፈጀባቸው፤ ብሎኳ እንዳትሞቅ በየመሃሉ በረዶ ያስጠጉባት ነበር። ዶክተሯ አንዴ ለመናገር አፏን ስትከፍት እጃቸውን ብቻ አነሱባት።

ከዚያ መንኮራኩሩን አዞሩ። በመጀመሪያው ዙር ምንም አልወጣም። በሁለተኛው ዱቄት መሳይ ሰም ብቻ ወጣ። በሦስተኛው ቁራጭ ወጣች፤ ክሯ ግን ግማሿ ብቻ ነበረች፣ በስተግራ ጎድላለች። አባ ምላጭ ቆሙ። ያቺን ግማሽ በብሩሽ ጫፍ አንስተው ለብቻዋ አኖሩ፤ መስመሯን እንደገና አዩ፤ ብሎኑን እንዲያው ነካ አደረጉት። በአራተኛው ዙር ክሯ ከራስ እስከ እግሯ ሙሉ ሆና ወጣች። ትንፋሻቸውን ያዙ። ከዚያ በኋላ እጃቸው አልቆመም። አንዷ ሌላዋን እየጎተተች እንደ ጥብጣብ ወረዱ።

በድንገት አቆሙ።

"ስንት?" አለች ዶክተሯ።

"አሥራ አንድ። ግማሿን ከቆጠርሽልኝ አሥራ አንድ ተኩል።"

"አሁንም አላለቀችም እኮ፣ ይታየኛል። ለምን አቆሙ?"

"ለነገ ነዋ። ነገ ሌላ ምርመራ ትፈልጊ ይሆናል፤ ያኔ ባዶ ሰም ልሰጥሽ ነው?"

ዶክተሯ ስላይዶቹን ስትወስድ በሁለት እጇ ይዛ፣ በሩን በክርኗ ከፍታ ወጣች። ሹፌሩ ብድግ ብሎ አያት። በአንገቷ አዎንታ ሰጠችው፤ ያን ጊዜ ነው ወደ ቤቱ የሄደው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዶክተሯ ስልክ መደወል ትታ ራሷ ወደ አባ ምላጭ ክፍል መጣች። ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋችና በጣቷ አንድ መስመር አሳየቻቸው። ሁለቱ ጂኖች ተጣብቀው ተገኝተዋል። በዚያ ገጽ ላይ ያለው ዲኤንኤ የአንድ ሰው ብቻ መሆኑንም ሌላ መስመር ይናገራል። አባ ምላጭ ሁለቱንም መስመሮች ቀስ ብለው አነበቡ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉና ወደ ማሽናቸው ዞሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ይፎክር ነበር። እሳቸው ዶክተሯ ስትወጣ "አልኩሽ አይደል?" ብቻ አሏት።

እንክብሉ ታዘዘ። አራተኛው ወር ላይ ሹፌሩ ሚስቱን ይዞ መጣ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ጠና ያለች፣ አነጋገሯ ፍርጥም ያለ ሴት። የዓይኗ ቢጫነት ለቋል፤ በምስል ሲታይም ዕጢው በአንድ ሦስተኛ ቀንሷል። ሌላ ነገር አልጠየቀችም፤ ያቺን ክር በዓይኔ ልያት አለች። አባ ምላጭ በማይክሮስኮፕ እንድትታይ ቀለም የተቀባችውን ስላይድ ሰጧት። ወደ መስኮቱ አንስታ ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻት።

"ይቺን ነው አሥራ አንድ ቦታ የለያዩዋት? እኔ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ቆርጫለሁ፤ እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም" አለች። ከሷ ያለፈ ምስክር ከየት ይመጣል? አባ ምላጭ ደረታቸውን ነፋ አደረጉ፤ አልደበቁትም።

ከዚያ እንክብሉ እስከ መቼ እንደሚይዝላት ጠየቀች። አባ ምላጭም ሐኪሟ የነገራትን በሌላ ቃል ደገሙላት፤ አልሸነገሏትም። ሕዋሱ መላ አያጣም፤ አንዱ መንገድ ሲዘጋበት ሌላ ይፈልጋል፤ ወራት ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ያኔ እንደገና ማየት፣ ምን እንደተለወጠ ማንበብ፣ ሌላ መድኃኒት ካለ መሞከር ነው።

ልብስ ሰፊዋ ስላይዱን መለሰችላቸው።

"ያኔም የሚቆርጡልኝ እርስዎ ነዎት" አለች፤ አልጠየቀችም።

የጡረታቸው ጊዜ እየተቃረበ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ያውቃል። አባ ምላጭ ስላይዱን ሳጥኑ ውስጥ ቦታው ላይ አኖሩ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "አንቺ ብቻ ብዪ፣ ጠንክሪ።"

ባልና ሚስቱ ሲወጡ ሹፌሩ በሩን ቀድሞ ከፈተላት። አባ ምላጭ የቀኑን ሥራ አላጠናቀቁም ነበር፤ በረዶው ላይ አራት ብሎኮች ይጠብቃሉ። ከመጀመራቸው በፊት ግን የሰው ኃይል ክፍል ድረስ ሄደው፣ ጡረታቸው ለአንድ ዓመት እንዲራዘምላቸው የሚያመለክቱበትን ቅጽ ጠየቁ። ጸሐፊዋ ምክንያት በሚለው መስመር ላይ ምን ልጻፍ ብትላቸው፣ "ሥራ አለብኝ በዪ" አሏት።